ሰዓቱ መቶ አራት ሲል

ስኳር እንዳለብኝ ከማወቄ በፊት ሁለት መነጽር ገዝቻለሁ። ዓይኔ ጠዋት ደህና ይሆንና ከሰዓት በኋላ ይደበዝዛል። የፊተኛውን መኪና ታርጋ ማንበብ እስኪያቅተኝ ድረስ ማለት ነው። ዕድሜ ነው አልኩ። መነጽር ቤት ሄጄ ተለክቼ ገዛሁ። ወር ሳይሞላ ያው መነጽር አልሆን አለኝ፤ ሰውዬው በሌላ ቁጥር ቀየረልኝ። ቁጥሬ ለምን እንደሚዋዥቅ እሱም አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ታምራት እባላለሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ለቡ አካባቢ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች መኪና ሳስተምር ኖሬያለሁ። የማሠልጠኛ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለው። ሥራዬ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እግሬን ከዚያ ፍሬን ሳላርቅ፣ ምንም እንደማይፈራ ሰው ማውራት ነበር። ይህን የምጽፈው ሕመሙን ደብቆ ሥራ ለሚውል ሰው ነው። እንደ እኔ ያለ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ።

ከዓይኔ ቀጥሎ ጥማቱ መጣ። ሁለት ሊትር ውሃ ይዤ መኪና ውስጥ እገባለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል። ሠልጣኙን ዳር አስይዤ «አንድ ጊዜ መጣሁ» እያልኩ ሽንት ቤት ፍለጋ ካፌ ለካፌ እሮጣለሁ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። ሃና ማርያም ቤታችን አጠገብ ያለ ክሊኒክ ገባሁ። ደም ሰጥቼ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድ ያልተባለ ማን አለ? መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ጨጓራ ነው አለኝ። የዚያኛውንም ሽሮፕ ጠጣሁ። ሽሮፑ ጣፋጭ ነበር።

በመጨረሻ ባለቤቴ አስቴር እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፈን አምስት ሰዓት ላይ ተራ ደረሰን። ነርሷ ገና የደረቀ ከንፈሬን ስታይ ጣቴን ወጋች። ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቅቶት ከልክ በላይ ነው የሚል ምልክት አወጣ።

«ስኳር አለብዎት፤ መቼም ሳያውቁት ወራት አልፈዋል» አለችኝ።

ሁለት ዓይነት ክኒን ታዘዘልኝ። አንዷ ቆሽትን እየገፋፋች ስኳሩን የምታወርድ ናት። ነርሷ ያቺኛዋን ለይታ በእስክሪብቶ አከበበችና «ይህቺን ውጠው ሳይበሉ እንዳይውሉ፤ ስኳርዎ ድንገት ይወርዳል፣ ራስዎን ይስታሉ» አለችኝ። ሰማኋት። ልቤ ግን ሥራዬ ላይ ነበር። የማሠልጠኛው ባለቤት የሚጥል በሽታ ያለበትን የሥራ ባልደረባችንን በአንድ ቀን ውስጥ ሲያሰናብት አይቻለሁ። ከጤና ጣቢያው በር ላይ አስቴርን አስማልኳት። ለማንም እንዳትናገር። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለንስሐ አባታችን እንኳ።

ሴት ልጃችን ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እሷ ግን የቤት ሰው ስለሆነች ነገርናት። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ ምግብ የሚመዘግብ መተግበሪያ ጫነችልኝ፣ የቴሌግራም ቡድን ውስጥም አስገባችኝ። ቡድኑ ስኳራቸውን በምግብ ብቻ እናድናለን የሚሉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነው። የሚመራው ኮች የሚሉት ሰው ነበር፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ በድምፅ መልእክት ብቻ ነው። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ሁሉም ይቅር። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጎመን፣ አቮካዶ ብሉ።

መተግበሪያው እንጀራ የሚባል ነገር አያውቅም። ቤዛ «ፓንኬክ በለው አባዬ» አለችኝ። ጎመን በሥጋ ሰላጣ ሆኖ ተመዘገበ። ሽሮ በምን ስም እንደገባ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ያለችው ክብ አረንጓዴ ስትሆን ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደስ ይለኝ ነበር።

አስቴር ግን አልተዋጠላትም። እነሱ ትሪው ላይ ሲቀርቡ እኔ ጎመኔን በሹካ ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ልትጎርስ የነበረውን አቁማ አየችኝና «ሃያ አራት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተን፣ አሁን እንደ ሆቴል ሰው ለብቻህ ሳህን?» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። እጇን ታጥባ ተነሳች።

እውነቱን ለመናገር ምግቡ ሠርቶልኛል። ስኳሬ ወረደ፣ ዓይኔ ጠራ፣ ሁለቱም መነጽሮች መሳቢያ ገቡ። ጤና ጣቢያው የሰጠኝን ቀጠሮ ግን አልሄድኩበትም። ቁጥሬ ጥሩ ከሆነ ምን ልሠራ እሰለፋለሁ? ክኒኖቹን ከፋርማሲ እየገዛሁ በነበረው መጠን መዋጤን ቀጠልኩ። በቤት የምለካበት ማሽን ነበረኝ፤ የደም መቀበያው ስትሪፕ ግን አንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ጣቶቼም በመርፌው ብዛት መሪ ስይዝ ያመኝ ነበር።

በዚህ መሐል ነው ቪዲዮውን ያየሁት። ያለ መርፌ፣ ያለ ደም፣ እጅ ላይ ታስሮ ብቻ ስኳር የሚለካ ሰዓት። ደወልኩ፤ በሞተር ሳይክል ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይልና ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያ ቀን ከማሽኑ ጋር አስተያየሁት። ማሽኑ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሰዓቱ መቶ አራት። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ እፈልጋለሁ? ማሽኑን ከመነጽሮቹ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በዚያ ዓመት ረመዳንም አብሮ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ሆነ። እንቁላልና ሥጋው ቀረና ጎመንና አቮካዶ ብቻ ተረፈኝ። ንስሐ አባታችን ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፤ ግን መታመሜን አልነገርኳቸውም። ኮችም በበኩሉ «ሳትበሉ በቆያችሁ ቁጥር ቆሽታችሁ ያርፋል» ይል ስለነበር ጾሙንና ምክሩን አንድ ላይ አደረግኋቸው። ንጋት ላይ ክኒኔን በውሃ እውጣለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማላብ ጀመረኝ። በጠዋት ብርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት እቆጣለሁ። አንድ ቀን የመኪና ቁልፌን ደበቅሽብኝ ብዬ አስቴርን ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰደብኳት። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ቡድኑ ላይ ስጽፍ ኮች «ሰውነትህ ስብ ማቃጠል እየለመደ ነው ወንድሜ፣ ታገሥ» አለኝ፤ ሌሎቹም አይዞህ የሚል ምልክት ደረደሩልኝ። ሰዓቱን አየዋለሁ፤ መቶ አራት። አንዳንዴ መቶ አንድ፣ መቶ ሰባት።

«እስቲ በድሮው ማሽን ተለካ» አለችኝ አስቴር።

«ይኸው፣ እይው እንጂ! መቶ አራት ነው!» ብዬ እጄን ፊቷ ላይ ዘረጋሁ።

«እኔ የማየው ፊትህን ነው» አለች።

ከድጃ በዚያን ጊዜ ሠልጣኜ ነበረች። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ለቡ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ሱቅ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ብርጭቆና የመሳሰለ የቤት ዕቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ሐሳቧ ትንሽ ፒክአፕ ገዝታ ዕቃዋን ከመርካቶ ራሷ ማምጣት ነበር። ጎበዝ ነበረች፤ ጥንቃቄዋ ብቻ ትንሽ ይበዛል። «ቲቸር፣ ፍጥነቴ ትክክል ነው?» ትለኛለች በየደቂቃው። ያን ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ወጣን። እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ክኒኔን ውጬ ወጥቻለሁ። ያለፈው ማታ የበላሁት አንድ ሳህን ጎመን ነበር።

የማስታውሰው እስከዚህ ድረስ ነው። የመንገዱ ምልክት ላይ ያሉት ፊደላት ቦታ ሲቀያየሩ አየሁ። ላብ ከአንገቴ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ መቶ አራት። ምንም አልሆንኩም ብዬ እጄን ጭኔ ላይ መለስኩት። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ፣ «ቲቸር! ቲቸር፣ ፍሬን!» የሚል ሰማሁ።

የቀረውን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። የሌሊት ጥበቃ አድረው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ መንገድ ሊሻገሩ ገቡ። ከድጃ ደነገጠች፣ ፍሬን የረገጠች መስሏት ነዳጁን ረገጠች። ጀማሪ ይሳሳታል። በእኔ በኩል ያለው ፍሬን የተሠራው ለዚያች ሰከንድ ነው። እኔ ግን ዓይኔ እንደተከፈተ፣ መስታወቱን እያየሁ ፈገግ ብዬ ተቀምጬ ነበር አሉ።

መኪናው ሽማግሌውን ገጭቶ ጣላቸው። ሰው ተሰበሰበ። ከመኪናው ሲያወርዱኝ እግሬ አልቆም አለ፣ ምላሴ ተሳሰረ። «ሰክሯል! በጾም ሰክሮ ሰው ያስገድላል!» ብለው ሊደበድቡኝ ሲሉ ከድጃ ነች መሐል ገብታ የጮኸችባቸው። ሽማግሌውንም እኔንም በአንድ መኪና አቅራቢያ ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰዱን። እዚያ ጣቴን ወጉኝ፤ ሠላሳ ስምንት። ስኳር በደም ሥሬ ሲገባ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ መስኮት እንደሚከፈት ዓይነት ነገር ተሰማኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ከመጋረጃው ወዲያ የሚያቃስት ሰው ድምፅ ነበር። የሽማግሌው ጭን ተሰብሮ ነበር። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ።

አሁን የምጽፈውን ከአስቴር ጋር እንኳ ለረጅም ጊዜ አላነሳነውም። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። የክሊኒኩ ሐኪም ወጣ ብላ ነበር፤ ተጠርታ የመጣችው አስቴር ራስጌዬ ቆማለች። ምን ሆነ ሲለኝ አፌ ቀደመኝ።

«ሠልጣኟ ፔዳል ተሳሳተች። በድንጋጤ ነው እኔም የወደቅሁት።»

ስለ ስኳሩ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሳምንቱ ላብ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ፖሊሱ ጻፈ። ከድጃ ኮሪደሩ ላይ ሆና ስትጠየቅ «አዎ፣ እኔ ነኝ ነዳጅ የረገጥኩት» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አስቴር አየችኝና አንገቷን ደፋች።

ቤት እንደገባን ቤዛ ሰዓቱን ከእጄ ፈታችው። ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ የሶፍት ጥቅል ላይ አሰረችው። አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ፣ ትንሽ አሰበና ቁጥር አወጣ። መቶ ሦስት።

«አባዬ፣ ሶፍቱም ስኳሩ ጥሩ ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሰዓቱን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ብሆንም መተግበሪያውንና ቡድኑን ያመጣችው እሷ ስለሆነች ጥፋቱን ለራሷ ወስዳው ነበር።

ቀጥሎ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። የስኳር ክሊኒኩ መጠባበቂያ አግዳሚ ላይ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ፣ ልጅ እየመራቸው የመጡ ማየት የተሳናቸው፣ በፌስታል ክኒን የያዙ ሰዎች አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት ቦታ ለቀቁልኝና «አዲስ ነህ መሰለኝ፣ ይለመዳል ልጄ» አሉኝ። ደግ ቃል ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ዓይኔ እንባ ሞላ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሁሉንም አስነገረችኝ፤ ለእሷ አልዋሸሁም።

«እንጀራ መቀነስዎ አልነበረም ጥፋቱ» አለችኝ። «ምግቡን ሲቀንሱ ክኒኑም መቀነስ ነበረበት። ስኳር የሚያወርድ ክኒን ውጠው ስኳር የሌለው ምግብ በሉ፣ ከዚያ ደግሞ ጾሙ። ከየት ያምጣው ሰውነትዎ? ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ ቁጣው ሁሉ ስኳር ሲወርድ የሚመጣ ነው።»

«ሰዓቱ ግን...»

«ከደም ውጭ ስኳር የሚነግር ሰዓት እስካሁን እኔ ጋ አልደረሰም» አለችና ያቺን ክኒን ከካርዴ ላይ ሰረዘቻት።

ዛሬ ሌላ መድኃኒት ነው የምወስደው። ግማሽ እንጀራ እበላለሁ፣ ከትሪው ጋር። ከቡድኑ ወጥቻለሁ። ስወጣ ለምን እንደሆነ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር፤ ከደቂቃ በኋላ ተሰርዞ አየሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተኝቼ እዚያው የምቀር እየመሰለኝ እንቅልፍ እፈራ ነበር፤ አስቴር ሳትነግረኝ የስልኳን ደወል ሞልታ ሌሊት እየተነሳች ጣቴን ትወጋና ቁጥሩን አይታ ትተኛ ነበር። ያ ሁሉ ስድብ ካለፈ በኋላ ነው ይህን ያደረገችው።

ሰውነቴ ዳነ። ውሸቱ ግን እዚያው ነበር።

የጋሽ ወልዴን ሕክምና የማሠልጠኛው መድን ሸፈነው። ጭናቸው ውስጥ ብረት ገባ፣ እግራቸው አጠረ። የሚጠብቁት ሕንፃ ሌላ ሰው ቀጠረ። ከሁለት ወር በኋላ ፉሪ ያለችው የኪራይ ቤታቸው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር የተቀበሉኝ።

«ያቺን ልጅ አትቆጣት» አሉኝ ገና እንደተቀመጥኩ። «በየዓርቡ ምግብ ይዛ ትመጣለች። እዚሁ በር ላይ ቆማ ታለቅስብኛለች። ዳግመኛ መሪ አልይዝም ብላ ምላለች አሉ። ንገራት እስቲ አንተ፣ አስተማሪዋ ነህ።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ክኒኑን፣ ጾሙን፣ ሰዓቱን፣ ለፖሊሱ የተናገርኩትን። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ይቅር ይሉኝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ለእኔ ብትነግረኝ እግሬን አይመልስልኝም» አሉ በመጨረሻ። «ለእሷ ንገራት። የእሷ እንኳ ይመለስ።»

ብርቱካኑን ይዘህ ሂድ አላሉኝም፣ ተወው አላሉኝም። በር ላይ አስቀምጬው ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከድጃ ጋ አልሄድኩም። መጀመሪያ ለማሠልጠኛው ባለቤት ነገርኩት። በፊት የሞት ያህል የምፈራው ነገር ከሁሉም ቀላሉ ሆኖ አገኘሁት። ጠረጴዛውን መታ፣ ጮኸ፣ ቁልፉን ተቀበለኝ። ቀጥሎ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። አሁን ከሰዓት በኋላ ሌላ ማሠልጠኛ ውስጥ የመንገድ ምልክቶችን በሰሌዳ ላይ አስተምራለሁ። መኪና ውስጥ አልገባም። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉ ፊት ቆሜ ስኳር እንዳለብኝ፣ ብርክ ከያዘኝ ወይም የማይገባ ነገር ካወራሁ ጣፋጭ ነገር እንዲያቀምሱኝ ነገርኳቸው። ሃያ ሰው ፊት ይህን ለመናገር የፈጀብኝ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከድጃ ሱቅ ሄድኩ። ብርጭቆ እየወለወለች መደርደሪያ ላይ ትደረድር ነበር። ስታየኝ ደንግጣ «ቲቸር! ደህና ነዎት?» ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። ከስታ ነበር። ተቀምጬ ጀመርኩ። ለጋሽ ወልዴ እንደነገርኩት አድርጌ፣ ምንም ሳላስቀር። እየሰማችኝ ብርጭቆውን መወልወል አላቆመችም። አንዱን ትጨርስና ሌላውን ታነሳለች። ፔዳሉን መሳሳቷ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ስነግራት እጇ ቆመ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ተምር ነበር» አለችኝ። «ማታ ሱቅ ላይ ላፈጥርበት የያዝኩት። ከኋላ ወንበር ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።»

የያዘችውን ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«አሞኛል ቢሉኝ ኖሮ ዳር ይዤ አቆምና እሰጥዎት ነበር። ማቆም እኮ በደንብ እችል ነበር። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ይህን ብላ ሳፋ ልትገዛ ወደ ገባችው ደንበኛ ዞረች።